እምቢን በሁለት እጅ

ባለፈው ሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ማኅበራችን ግቢ ስደርስ በሩ ላይ የቆመው ወጣት ዘበኛ፣ «ማን ልበል?» አለኝ። እኔን! በዚያ በር ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ስገባ ስወጣ የኖርኩትን፣ ሁለቴ ወድቄ ጉልበቴን የተላጥኩበትን! «ትርሲት ነኝ፤ የእጥበት ቤቷ የወይዘሮ እልፍነሽ ልጅ» አልኩት። መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «አዎ፣ ስምሽ አለ። ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። ከገባሁ በኋላ ግን ዞር ብዬ በሩን አየሁት። የድሮው ዘበኛችን ጋሽ ጥላዬ የሉም። መሄዳቸውን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ቅዳሜ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሻንጣቸውን የተሸከምኩት እኔው ነኝ። ጉልበታቸው የመንዝን ብርድ አልችልም ስላለ ልጃቸው ዓለም ከተማ ወዳለው ቤቷ ወስዳቸዋለች። እዚያ ሙቅ ነው አሉ። ለካ ሰው መሄዱ የሚታወቀው መኪና ሲሳፈር ሳይሆን፣ በእሱ ቦታ የቆመ ሌላ ሰው ስምሽን ሲጠይቅሽ ነው።

የአማርኛ መምህራችን «አንቺ ልጅ፣ ብዕር ይታዘዝሻል» ካሉኝ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ስለ ዝናብ ጻፍኩ፣ ስለ ጎረቤታችን ቀማኛ ፍየል ጻፍኩ። ይኸኛው ግን የምር ነው።

ማኅበራችን ዘመሮ ከተማ ዳር ያለች አንዲት ግቢ ናት። አሥራ አራት ሴቶችና ሦስት ሸማኔዎች የበግ ጠጉር አጥበው፣ ፈትለው፣ ሸምነው ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ይሠሩባታል። የመንዝ ባና ያልኮሰኮሰው ሰው ካለ መንዝ አልደረሰም ማለት ነው። ያሞቃል፣ በዚያ አይታማም፤ ግን አንገት ይፍቃል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ በጉ ራሱ አጠገብህ የተኛ ይመስልሃል። የእኛ ባና ግን አይኮሰኩስም፣ አይሸትም፤ አራስ ልጅ ይጠቀለልበታል። ነገሩ ያለው ጠጉሩ በሚታጠብበት ውሃ ላይ ነው። እጥበት ቤት ውስጥ ሦስት በርሜሎች አሉ። በርሜሎቹ ውስጥ ምን እንደሚገባ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም የሚያውቁት አራት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እማዬ ናት። እኔም ከጎኗ ሆኜ እያየሁ ስላደግሁ አውቀዋለሁ። እዚህ ግን አልጽፈውም። ጋሽ ጥላዬ መነጽራቸውን አድርገው ሊያነቡት ይችላሉ እኮ!

ምስጢሩ የሚጠበቀው በከንቱ አይደለም። ጋሽ ጥላዬ ከመቀጠራቸው በፊት አንድ እንግዳ መጥቶ ሸማኔዎቹ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀምጦ የባናችንን ጠርዝ አሠራር በስልኩ ሲያነሳ ዋለ። ማንም ምንም አላለውም፤ እንዲያውም ምሳ አበሉት፣ ለመንገድህ ብለው ቆሎ ቋጠሩለት። ዓመት ሳይሞላ ያው ጠርዝ በማሽን ተሠርቶ መጣና እዚሁ ዘመሮ ገበያ፣ አፍንጫችን ሥር ይሸጥ ጀመር። ጠርዝ ይሠሩ የነበሩ ሦስት ሴቶች ሥራ ፈትተው ተበተኑ። ያኔ ነው ማኅበሩ ደንብ ያወጣው፦ የእጥበቱን ነገር ለውጭ ሰው ያሳየ ወይም የሰጠ አባል፣ በራሱም ይሁን በቤተሰቡ በኩል፣ ይሰናበታል። እማዬም ፈርማበታለች።

ደንብ መጻፉስ ቀላል ነበር፤ ከባዱ እንግዳው ነው። እኛ አገር እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር ነው። ገና ሳያርፍ፣ ሳይቀምስ «ማነህ? ምን ፈለግህ?» ማለትም ነውር ነው። ሊቀመንበራችን እትዬ አስካለ መጀመሪያ የቀጠሩት ዘበኛ እንግዳ ሲያይ አፍሮ ይደበቅ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ይጮኻል፤ ገዢ ሁሉ ሸሸ። ሦስተኛው ጋሽ ጥላዬ ናቸው።

ረጅም ናቸው፤ ቀጭን፤ አሮጌ ካፖርታቸው ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ይወርዳል። ቀኝ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ሲቀመጡ እግራቸው እንደ መቀርቀሪያ በሩ ላይ ይጋደማል። እንግዳ ሲመጣ ግን ብድግ ይላሉ። ሁልጊዜ! ቢያማቸውም ብድግ። በሁለት እጃቸው ይጨብጣሉ፣ ስለ መንገዱ ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አጣምረው ይዘረጋሉ፤ «ስልክዎን ልቀበልዎት።»

ሲሉት እኮ ሻንጣ የሚያግዙ ነው የሚመስሉት! ከኋላቸው ግድግዳ ላይ ኩላብ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ኩላብ ላይ ከራሳችን ሱፍ የተሠራች ከረጢት ተንጠልጥላለች። ስልኩን ከረጢቱ ውስጥ ከትተው፣ ሰቅለው፣ መታ መታ ያደርጉታል፤ እንደ ሕፃን። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄን ነገር ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ከአባቴ ቤት። አባቴ ዘንድ የሚመጣ እንግዳ ጠመንጃውን፣ ዱላውን ለማን ነበር የሚሰጠው? ለባለቤቱ ነዋ። አባቴ ፈርቶ መሰለሽ? የእንግዳውን እጅ ሊያሳርፍለት ነው። እጁ ያረፈ እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ይጫወታል። የዘንድሮ ሰው ዱላው ይቺ ሆነች።»

ሁሉም ግን በጄ አይልም። አንድ ቀን ቦርጫቸው ቀድሟቸው የሚገባ አንድ ትልቅ ሰው መጡ። «ስልኬን? እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?» አሉ።

«አላወቅሁም ጌታዬ። በዚህ በር ከማወቅ ማክበር ይቀድማል።»

«አልሰጥም ብልስ?»

«መብትዎ ነዋ!» አሉ ጋሽ ጥላዬ ፈገግ ብለው። ወዲያው የራሳቸውን ወንበር አንስተው ፀሐይ ያለበት ወስደው በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉላቸው። «እዚህ ይረፉ። ባናውንም ምንጣፉንም፣ ሸማኔዎቹንም እናመጣልዎታለን። እርስዎ ወደ ቤቱ ካልገቡ ቤቱ ወደ እርስዎ ይመጣል።»

ሰውዬው ወንበሩን አዩ፣ ጋሽ ጥላዬን አዩ፣ ያ የማይታጠፍ እግር ቆሞ መቅረቱን አዩ። ስልካቸውን አውጥተው ሰጡ። ሲወጡ አምስት ባና ገዝተው፣ «እኝህን ሰውዬ ለእኔ መሥሪያ ቤት ስጡኝ» ብለው እየሳቁ ሄዱ። ያን ቀን ነው ጋሽ ጥላዬ፣ «ትርሲትዬ፣ እምቢም ስጦታ ነው፤ በአንድ እጅ አይሰጥም» ያሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። ቆንጆ አባባል ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ አበቃ።

ሌላም ዘዴ ነበራቸው፤ ከዓመት በኋላ ነው የነቃሁበት። ለሚገባው እንግዳ ሁሉ «ብርድ ነው» ብለው ከባዱን ባና ትከሻው ላይ ያለብሱታል። እንግዳው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያ ባና ካልያዙት ይንሸራተታል፤ እንግዳው በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጨብጦት ነው የሚዞረው። ምን ይነካል? ምን ያነሳል? ስነቃባቸው ሳቄ አላስቆም አለኝ። እሳቸው ግን ኮስተር ብለው፣ «ብርድም ነው እኮ» አሉኝ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው፦ ጋሽ ጥላዬ ራሳቸው በርሜሎቹ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም። አራት ዓመት ሙሉ ጠይቀው አያውቁም። እትዬ አስካለ አንዴ ሊነግሯቸው ሲሉ ጆሯቸውን ይዘው፣ «ተዪኝ እቴ! ካላወቅሁት በእንቅልፌም አልለፈልፈው። ምስጢር እንደ እርጉዝ በግ ነው፤ ዝም ብትይም ሆዱ ያወራል» አሉ። ሴቶቹ ለሳምንት በዚህ ሳቁ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ክረምት ነው። አፌም እንግሊዝኛዬም የማያሳፍር ስለነበር እንግዳ የማስጎብኘው እኔ ነበርኩ። ኩራቴ ሌላ! ነሐሴ ላይ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ረፋድ፣ አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ መጡ። ሾፌራቸው መኪናው ውስጥ ቀረ። ስለ እጅ ሥራ እንደሚያጠኑ ነገሩን። ስልካቸውን ሲጠየቁ «ደስ ሲል!» ብለው ሰጡ። እንደ እሳቸው ያለ ደግ እንግዳ አይቼ አላውቅም። ስሜን ጠየቁኝ፤ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ምን መሆን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። «ደራሲ» አልኩ፤ ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር! «ትሆኛለሽ የኔ ቆንጆ፤ ዓይንሽ ያስታውቃል» አሉኝ። በቃ፣ ሞትኩላቸው።

ፈትል ልንካ ብለው እጃቸውን ከባናው ሲያወጡ ጣቶቻቸው ሰማያዊ ሆነዋል። ክሩን መያዝ አቃታቸው። «ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም» አሉና ሳቁ፤ ጥርሳቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንጀቴን በሉት። የበረደው እንግዳ እያየሽ ቁጭ ብለሽ ምን ታስቢያለሽ? ሙቅ ውሃ ነው የምታስቢው። ሙቅ ውሃ ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ነው። ሮጬ እጥበት ቤት ገባሁ፤ እማዬ ጠጉር ልታሰጣ ጓሮ ወጥታለች። ከሦስተኛው በርሜል አንድ ጆግ ቀዳሁ። እንግዳ ወደዚያ አይገባም ተብሏል፤ እኔም አላስገባሁም። ውሃ ወደዚህ አይወጣም ያለ ግን አልነበረም!

እጃቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። «ውይይይ» አሉ። ከዚያ ጣቶቻቸውን አሻሹ፣ አሸተቱ፣ ደግመው አሻሹ። «ምንድን ነው ይሄ ውሃ? እጄ እኮ ሐር ሆነ!»

እኔ ቂል ደግሞ ደረቴን ነፍቼ፣ «የእኛ ውሃ ነው!» አልኩ።

«ትንሽ ብወስድስ? መንገድ ላይ ፊቴን ብታጠብበት?»

«ይውሰዱ እንጂ!»

ከቦርሳቸው ባዶ ሃይላንድ አወጡ። ጠብታ ሳላፈስ ሞላሁላቸው። ክዳኑን ያጠበቅሁት፣ ጠርሙሱን በነጠላዬ ያደረቅሁት እንኳ እኔ ነኝ።

በሩ ላይ ጋሽ ጥላዬ የሴትዮዋን ስልክ ከኩላቡ አውርደው ሰጧቸውና እንደ ልማዳቸው በሁለት እጅ ጨበጧቸው። ከዚያ አልለቀቁም። ትንሽ ቆዩ። ስትገባ በረዶ የነበረች እጅ አሁን ሞቃለች፤ ለስልሳለች። ሽታዋንም ያውቁታል፤ ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ የሚጨብጡት የእማዬ እጅ ሽታ ነው።

«እሰይ፣ ሞቀዎት» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ትርሲት፣ እንግዳችንን በምን አሞቅሻቸው?»

«በውሃ።»

«ከየት በመጣ ውሃ?»

ያኔ የኬሚስትሪ መምህራችን ያሉት ድንገት መጣብኝ፤ ውሃ ላቦራቶሪ ሲገባ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ይናገራል ብለውን ነበር። «ከ... ከውስጥ።»

«አለቀ ወይስ ቀረ?»

ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። አለቀ ብል ማንም አያውቅም፤ እማዬም ሥራዋ ላይ ትኖራለች፣ እስከሚቀጥለው ዓመት፣ እስከሚቀጥለው የማሽን ባና ድረስ። ቀርቷል ብል እማዬ ዛሬውኑ ከሥራ ትወጣለች። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ምራቄን እስክውጥ ባለው ጊዜ ነው።

«ቀርቷል» አልኩ። «ሃይላንድ ሞልቼ ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ውሃ እኮ ነው!» አሉ ሴትዮዋ እየሳቁ።

ጋሽ ጥላዬ ቦርሳውን እንኳ አላዩም። የእንግዳ ቦርሳ ከሚፈተሽ እጄ ይቆረጥ የሚሉ ሰው ናቸው። ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ቀስ አሉ፦ «እኔ ብጠይቃቸው ዘበኛ እንግዳ አዋረደ ይባላል። አንቺ ብትጠይቂያቸው ግን ልጅ ተሳስታ ነው። የሰጠሽው አንቺ፣ የምትቀበይውም አንቺ።»

ቀረብኩና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሰጠሁዎት የእኔ ያልሆነ ነገር ነው። የእማዬና የአሥራ ሦስት ሴቶች ነው። ይመልሱልኝ።»

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። «አንቺ እኮ ነሽ የሰጠሽኝ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

እጄ እንደተዘረጋ ነው፤ በረዶው መዳፌ ላይ ይወርዳል፣ ይቀልጣል። ከዚያ ቦርሳው ተከፈተ። ሃይላንዱ መዳፌ ላይ ሲያርፍ ገና ለብ ያለ ነበር። «ለአንድ ሃይላንድ ውሃ! ጉድ ናችሁ እናንተ» አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከእኔ ላይ አነሱ።

መኪናው ሳይንቀሳቀስ ጋሽ ጥላዬ እያነከሱ ደርሰው ሻያቸውን ከነፔርሙሱ በመስኮት አቀበሏቸው። «ይሄ የግሌ ነው፤ ስለዚህ መስጠት እችላለሁ። ቁልቁለቱ ብርድ አለው።» ፔርሙሱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

«ጋሼ፣ ሌባ ናቸው እንዴ?» አልኩ መኪናው ሲርቅ።

«እኔ ምን አውቄ! እጃቸው በርዷቸው ነበር፤ እሱን አውቃለሁ» አሉና መዝገቡን ገለጡ። እስክሪብቷቸውን ሳይ እንባዬ መጣ።

«አይጻፉት ጋሼ! ተመለሰ እኮ! እማዬን ያባርሩብኛል።»

«ይሄን ብዘል ነገ የምጽፈውን ማን ያምነኛል፣ ልጄ?» ጻፉት። የሰጠኋቸው እኔ መሆኔን ጻፉ፤ ያስመለስኩትም እኔ መሆኔን ጻፉ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በስብሰባ ሲነበብ እማዬ አመድ መሰለች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በተሻለኝ። መሬት መሬት እያየች የፎጣዋን ጫፍ ትጠመዝዝ ነበር። እትዬ አስካለ ደንቡን አንብበው ሲጨርሱ ጋሽ ጥላዬ ግድግዳ ተደግፈው ተነሱ።

«ደንቡ ልክ ነው። ግን ጥፋት ከተቆጠረ ከበሩ ይጀመር። እጁ የደነዘዘ እንግዳ ተቀብዬ ሙቅ ውሃ ሳላቀርብ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ የሠራችው እኔ መሥራት የነበረብኝን ነው፤ ከተሳሳተ በርሜል ቀዳች እንጂ።» ጉልበታቸውን ያዝ አድርገው ቀጠሉ። «ሌላም ልንገራችሁ። አለቀ ብትለኝ አምናት ነበር። ውሃው አሁን አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነበር። ደንባችሁን የጠበቀው እኔ አይደለሁም፤ ስልክ እንጂ ውሃ የምሰቅልበት ኩላብ የለኝም። የጠበቀው የእሷ አፍ ነው። ይህን አፍ ከቀጣችሁት የነገው ልጅ አለቀ ነው የሚላችሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ። እማዬ እንድትቆይ ወሰኑ፤ እኔ ግን እንግዳ ማስጎብኘቴ ቀረ። ከበሩ ጎን ምድጃ ተተክሎ ማንቆርቆሪያ ተጣደበት፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ እጁን በንጹሕ ሙቅ ውሃ ታጥቦ ነው የሚገባው። እማዬ ወደ ቤት ስንሄድ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ፤ ሳትለቀው ደግሞ ወደ ራሷ ስባ አቀፈችኝ።

በማግስቱ ከብርድ ልብሴ አልወጣም አልኩ። እንኳን ግቢው፣ መንገዱም የሚያየኝ መሰለኝ። አራት ሰዓት ሲሆን ውጭ ኮቴ ሰማሁ፤ አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። የእኛ ቤት ዳገት ላይ ነው፤ ደህና ጉልበት ያለውም ሰው ሁለቴ ያርፍበታል።

«ትርሲት! ተነሽ፣ እንግዶች መጥተዋል። ሁለት ናቸው። በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ እትዬ አስካለ የሚያውቁትን 'ዬስ' ሁሉ ጨረሱት።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀርቻለሁ። ከትናንቱ በኋላ...»

«ከትናንቱ በኋላ ነዋ! ትናንት ጠዋት ቢሆን ይህን ዳገት ላንቺ ብዬ አልወጣውም ነበር።» ግንባራቸውን ጠረጉ። «ሴቶቹ ትመለስ ካሉ ዋስ ይጥሩ አሉኝ፤ ዋሷ እኔው ነኝ አልኳቸው።»

ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ጎን ለጎን ወረድን። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ላብ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ካፖርታቸው ውስጥ ገብተው የበሩን ቁልፍ አወጡና ሰጡኝ። «ሂጂ፣ ቅደሚ። በሩን ቆልፌው ነው የመጣሁት፤ እንግዳ ብርድ ላይ አይቆምም።»

«እርስዎስ?»

«እደርሳለሁ። ልጅ እኮ ነው የላክሁት፤ ምን ያስቸኩለኛል?»

ቁልፉ ከኪሳቸው ሙቀት ገና አልበረደም። ጨብጬው ቁልቁለቱን በረርኩ።